«አይ ዲድ» ወይስ «አይ ሃቭ ደን»? ሁለቱን ሳያምታቱ የመናገር ዝርዝር መመሪያ

አንድ ሆቴል ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቼ፣ እዚያው እየሠራሁ፣ ለሌላ ሥራ በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ገባሁ። «አይ ወርክድ ኢን ኧ ሆቴል ፎር ፋይቭ ይርስ» አልኩ። ጠያቂዋ ወረቀቷ ላይ ጻፍ ጻፍ አደረገችና «ታዲያ ለምን ለቀቅህ?» አለችኝ። ክው አልኩ። ኧረ አልለቀቅኩም! የማታ ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ሸሚዝ ቀይሬ የመጣሁት ከዚያው ሆቴል ነው። ለእሷ ግን «ሠርቼ ነበር፣ አሁን የለሁበትም» ብያታለሁ። የጎደለችው አንዲት «ሃቭ» ናት።

ቀመሩን ሁላችንም ትምህርት ቤት ደብተር ላይ ገልብጠናል፤ ፈተናም አልፈንበታል። አፍ ላይ ሲመጣ ግን ይከዳል። ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩት። ደረጃ አትዝለሉ፤ በተለይ የመጀመሪያውን።

ከመጀመራችሁ በፊት

ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። የስልካችሁን ድምፅ መቅጃም አዘጋጁ፤ ደረጃ 7 ላይ ያስፈልጋል።

ስማቸውን እንስማማ። «አይ ወርክድ» ሲምፕል ፓስት ይባላል። «አይ ሃቭ ወርክድ» ፕረዘንት ፐርፌክት ነው። እኔ እዚህ የመጀመሪያውን «ባዶው»፣ ሁለተኛውን «ባለ ሃቩ» እላቸዋለሁ። ስሙ ሲቀል ነገሩም ይቀላል።

አሁን ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፍላችሁ ግሶቹን ጻፉ። ባዶው የሚወስደው ሁለተኛውን ዓምድ ነው። ባለ ሃቩ ሦስተኛውን ይወስዳል። በእነዚህ ጀምሩ፤ በየቀኑ የምንናገራቸው ናቸው።

ጎ፣ ዌንት፣ ጎን
ሲ፣ ሶው፣ ሲን
ዱ፣ ዲድ፣ ደን
ካም፣ ኬም፣ ካም
ራይት፣ ሮት፣ ሪትን
ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን
ጊቭ፣ ጌቭ፣ ጊቭን
ብሬክ፣ ብሮክ፣ ብሮክን
ብሪንግ፣ ብሮት፣ ብሮት
ሪድ፣ ሬድ፣ ሬድ (አጻጻፉ ሦስቱም ላይ አንድ ነው፤ የሚለወጠው ድምፁ ብቻ ነው)

ማስጠንቀቂያ፦ «አይ ሃቭ ዌንት» እና «አይ ሃቭ ሶው» የሚባል ነገር የለም። ሃቭ ሁለተኛውን ዓምድ አይነካም። ለእሱ፣ ለእሷና ለዕቃ ደግሞ ሃቭ ወደ «ሃዝ» ይለወጣል፦ «ሺ ሃዝ ጎን»።

ደረጃ 1፦ የአማርኛውን ጅራት አትመኑ

ብዙዎቻችን የተማርነው እንዲህ ነው፦ «በላሁ» ሲሆን ባዶው፣ «በልቻለሁ» ሲሆን ባለ ሃቩ። ግማሹ እውነት ነው። የሚያበላሸን ሌላው ግማሽ ነው። አማርኛው «-አለሁ» ወይም «-አል» ስላለ ብቻ ሃቭ አትጨምሩ። ሦስት ቦታ ላይ ጉድ ይሠራችኋል።

ሀ. አማርኛ «ትናንት ደውዬልሃለሁ» ሲል ምንም አይሰማውም። እንግሊዝኛ ግን ሃቭን ከትናንት ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አያስገባም። «አይ ሃቭ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» ስህተት ነው። «አይ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» በሉ።

ለ. አንዳንዱ «-አል» ያለፈ ነገር አይደለም፤ አሁን ያለ ሁኔታ ነው። ደክሞኛል፣ ተኝቷል፣ ቆሟል፣ ኮት ለብሷል፣ አግብታለች። እነዚህን ስትናገሩ ባዶውንም ባለ ሃቩንም ተዉአቸው። «አይ አም ታየርድ»፣ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ»፣ «ሺ ኢዝ ማሪድ» ነው የሚባለው። «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ካላችሁ ሰውዬው ተኝቶ ተነስቷል።

ሐ. የሰዋስው መጻሕፍታችን «በልቷል»ን የቅርብ ኃላፊ ይሉታል። ይቺ «የቅርብ» የምትለዋ ቃል ናት ብዙ ሰው ያሳሳተችው። እንግሊዝኛው ቅርብና ሩቅ አይለካም። «አይ አራይቭድ ፋይቭ ሚኒትስ ኧጎ» የአምስት ደቂቃ ወሬ ነው፤ ግን ባዶው ነው የሚገባው። «አይ ሃቭ ቢን ቱ ላሊበላ» የሃያ ዓመት ወሬ ሊሆን ይችላል፤ ባለ ሃቩ ነው።

(እኛ እኮ ከቤት ስንወጣ «መጣሁ» የምንል ሰዎች ነን። ግስን በጅራቱ መተርጎም የት እንደሚያደርስ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።)

ይህን ደረጃ ያለፋችሁት መቼ ነው? «-አል» ስትሰሙ እጃችሁ ወዲያው ወደ ሃቭ ካልሮጠ ነው።

ደረጃ 2፦ «መቼ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ

ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ አስቡት። «መቼ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ውስጡ አለ? ያለቀ፣ የተቆረጠ ጊዜ ከተጠቀሰ ባዶውን ውሰዱ። ክርክር የለውም። እነዚህን ቃላት ስታዩ ሃቭን አውጡት፦ የስተርዴይ፣ ላስት ዊክ፣ ላስት ይር፣ ኢን 2015፣ ፋይቭ ሚኒትስ ኧጎ።

«ዌን» ብላችሁ ስትጠይቁም እንደዚያው። «ዌን ሃቭ ዩ ካም?» አይባልም። «ዌን ዲድ ዩ ካም?» ነው።

ጊዜው ካልተጠቀሰ፣ ዋናው ነገርም መሆኑ እንጂ የሆነበት ቀን ካልሆነ፣ ባለ ሃቩን ውሰዱ። በሯጮቻችን እንየው። ጥሩነሽ ዲባባ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አላት። ይህን ብቻ ስትናገሩ «ጥሩነሽ ሃዝ ዋን ስሪ ጎልድ ሜዳልስ» ትላላችሁ። ዓመት ካስገባችሁ ሃዝ ይወጣል፦ «ሺ ዋን ቱ ጎልድ ሜዳልስ ኢን ቤጂንግ ኢን 2008»። የለንደኑን የ2012 ወርቅ ስትጨምሩም እንደዚሁ ነው።

አበበ ቢቂላ ጋ ስትደርሱ ግን ተጠንቀቁ። ሮም ላይ በ1960፣ ቶኪዮ ላይ በ1964 ማራቶን አሸንፏል። ዓመቱን ባትጠሩትም «አበበ ዋን ቱ ኦሊምፒክ ማራቶንስ» ነው የምትሉት። አበበ በሕይወት የለም፤ ሦስተኛ ሊጨምር አይችልም። ስለ ሟች ታሪክ ስትናገሩ ባዶውን ያዙ።

ደረጃ 3፦ ሒሳቡ ተዘግቷል ወይ?

ጊዜው ያልተጠቀሰበት ቦታ ላይ የሚያምታታ ነገር ይመጣል። እዚህ ጋ የሰፈር ሱቅን የዱቤ ደብተር አስቡ። ተከፍሎ የተሰረዘ ሒሳብ አለ። እስከ ዛሬ የሚጠበቅ ሒሳብም አለ። ባዶው የተሰረዘው ነው፣ ባለ ሃቩ ያልተከፈለው።

«አይ ሃቭ ሎስት ማይ ፎን» ካላችሁ ስልካችሁ አሁንም የለም። የሰማችሁ ሰው «ቆይ ልደውልበት» ይላል። «አይ ሎስት ማይ ፎን» ካላችሁ ግን ወሬ እያወራችሁ ነው። ሰውዬው «ከዚያስ?» ይላችኋል። ተገኝቶም ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ገዝታችሁም ሊሆን ይችላል። የጠፋባችሁን ስልክ ለጥበቃ ስታስረዱ የትኛው እንደሚሻል አሁን ታውቃላችሁ።

ያላለቀ ጊዜም ያልተዘጋ ሒሳብ ነው። «ዚስ ዊክ»፣ «ቱዴይ»፣ «ዚስ ሞርኒንግ»። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሆናችሁ «አይ ሃቭ ድራንክ ስሪ ከፕስ ዚስ ሞርኒንግ» ብትሉ ትክክል ናችሁ፤ ገና አራተኛው ስኒ ሊመጣ ይችላል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ግን ጠዋቱ ሄዷል፤ «አይ ድራንክ» በሉ። (ልብ ብላችኋል? ሦስተኛው ዓምድ «ድራንክ» አይደለም፣ «ድረንክ» ነው። ከላይ ሆን ብዬ አሳስቼዋለሁ። ያልያዛችሁት ካላችሁ ወደ ዓምዶቹ ተመለሱ፤ ድሪንክ፣ ድራንክ፣ ድረንክ ብላችሁም ጨምሩ።)

«ጎን» እና «ቢን»

ይህቺን ለብቻ አጥኗት። «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ዘ ባንክ» ማለት ባንክ ሄዷል፣ እዚህ የለም ማለት ነው። «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ዘ ባንክ» ግን ደርሶ ተመልሷል። አለቃ የሥራ ባልደረባችሁን ሲፈልገው «ቢን» ካላችሁት ዞር ብሎ ወንበሩን ያያል። ወንበሩ ባዶ ነው። ከዚያ ማስረዳት የእናንተ ዕዳ ነው።

እዚህ ጋ አማርኛ ለአንድ ጊዜ ይረዳናል። «ሄጄ አውቃለሁ»፣ «በልቼ አላውቅም»፣ «አይተህ ታውቃለህ?» የምንለው ሁሉ ያለ ጥርጥር ባለ ሃቩ ነው። «ሃቭ ዩ ኤቨር ሲን...?» ማለት «አይተህ ታውቃለህ?» ነው። «አውቃለሁ» የሚለውን ቃል ግን አትተርጉሙት። «አይ ኖው ጎ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ ፈረንጁ ተሰናበተኝ ብሎ እጁን ዘረጋለት።

ደረጃ 4፦ እስከ ዛሬ የዘለቀ ነገር፣ ፎር እና ሲንስ

የኔን ቃለ መጠይቅ ያበላሸው ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ እንበል።

አንድ ነገር ድሮ ጀምሮ እስከ አሁን ካለ ባለ ሃቩን ውሰዱ። አማርኛ እዚህ ጋ «አምስት ዓመቴ ነው» ወይም «ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እየሠራሁ ነው» ይላል። «ነው» ስላለ «አይ አም ወርኪንግ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» እንላለን። ስህተት ነው።

1. ሥራው አሁንም አለ? «አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ»። «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሂር» ብትሉም ልክ ነው፤ ሁለቱም ያስኬዳል።
2. ሥራው አብቅቷል? «አይ ወርክድ ዜር ፎር ፋይቭ ይርስ»።
3. የምትጠሩት ርዝመት ነው? አምስት ዓመት፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ሰዓት? «ፎር» በሉ።
4. የምትጠሩት መነሻ ነው? 2019፣ ሰኞ፣ ሠርጌ? «ሲንስ» በሉ። «ሲንስ ፋይቭ ይርስ» አይባልም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲንስ ካላችሁ በኋላ የምትጠሩት ዓመት የፈረንጅ ይሁን። በ2012 መስከረም ሥራ የጀመረ ሰው «ሲንስ 2012» ካለ ሰባት ዓመት ጨመረ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ለሆነ ነገር 7 ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ደምሩ። መስከረም 2012 ማለት 2019 ነው፤ የካቲት 2012 ደግሞ 2020። ቅጽ ላይ ከጻፋችሁት በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው፤ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ደምሩት። ሰዓቱም ያው ነው። «ከ3 ሰዓት ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው» ስትሉ «ሲንስ ናይን» ይሆናል።

ደረጃ 5፦ አሉታው ላይ «ገና»ን ፈልጉ

«በልቻለሁ»ን አሉታ አድርጉት እስቲ። «አልበላሁም» ይሆናል። «በላሁ»ንስ? እሱም «አልበላሁም»። አማርኛ አሉታ ላይ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ጅራቱን አትፈልጉ፤ «ገና» ወይም «እስካሁን» ማስገባት ትችሉ እንደሆነ ሞክሩ።

«ገና አልበላሁም» ካስኬደ፦ «አይ ሃቭንት ኢትን ዬት»።
«ትናንት ማታ አልበላሁም» ከሆነ፦ «አይ ዲድንት ኢት ላስት ናይት»።

ከዲድንት በኋላ የመጀመሪያውን ዓምድ ተጠቀሙ። «ዲድንት ኤት» ወይም «ዲድንት ዌንት» አትበሉ። ያለፈነቱን ዲድ ተሸክሞታል፤ ሁለቴ ማሸከም የለም።

አሜሪካ ያላችሁ «ዲድ ዩ ኢት ዬት?» ሲባል ትሰማላችሁ። አትደንግጡ። አሜሪካኖች ከ«ዬት»፣ «ኦልሬዲ» እና «ጀስት» ጋር ባዶውን እንደ ልብ ይጠቀማሉ። እንግሊዞች ሃቭን ይመርጣሉ። ጽሑፍና ፈተና ላይ ከሃቭ ጋር ሂዱ፤ ሁለቱም ጋ ያስኬዳል። ደረጃ 4 ላይ ያለው ግን ለአሜሪካኖችም ያው ነው። «አሜሪካን ስታይል ነው» ብላችሁ እንዳታመልጡ።

ደረጃ 6፦ በሃቭ ክፈቱ፣ በባዶው ተርኩ

ወሬ ሲጀመር ብዙውን ጊዜ ባለ ሃቩ ይቀድማል። ዝርዝሩ ሲመጣ ባዶው ይረከባል። ቅያሪውን ከያዛችሁ ንግግራችሁ ወዲያው ይለወጣል።

«ሃቭ ዩ ኤቨር ወርክድ ኢን ኧ ሬስቶራንት?»
«የስ፣ አይ ሃቭ። አይ ወርክድ ኢን ኧ ስሞል ሬስቶራንት ኢን 2021። አይ ኩክድ ኤንድ አይ ክሊንድ።»

የመጀመሪያዋን መልስ በሃቭ መለሱ፣ ከዚያ ሃቭን ጣሉት። የብዙ ሰው ስህተት ጥያቄው በሃቭ ስለመጣ እስከ መጨረሻው ሃቭ ሃቭ እያሉ መቀጠል ነው።

ደረጃ 7፦ አፋችሁን አለማምዱ

እስካሁን የሠራችሁት በጭንቅላት ነው። አሁን መቅጃውን ክፈቱ። ስለ ሥራችሁ፣ ስለ ሰፈራችሁና ስለ ቤተሰባችሁ ሁለት ደቂቃ አውሩ። መልሳችሁ ስሙት። ሃቭ ባላችሁበት ሁሉ ደብተራችሁ ላይ ጭረት አድርጉ። ከዚያ በየጭረቱ «መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለጊዜው ሃቭን ሙሉ አድርጋችሁ ጥሩት። «አይቭ» እያላችሁ ስታሳጥሩት ቭ ትዋጣለች፤ «አይ ወርክድ» ሆኖ ይሰማል። ማሳጠሩ ይደርሳል። ሌሎች ሲናገሩ ስትሰሙ ደግሞ «ሂዝ» ያስቸግራል፤ «ሂ ኢዝ»ም «ሂ ሃዝ»ም ሲያጥሩ ያው ናቸው። ቀጥሎ የመጣውን ቃል ስሙ። «ጎኢንግ» ከሆነ ኢዝ ነው። «ቢን» ከሆነ ሃዝ ነው።

በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ማጥናት አይሠራም። ሞክሬዋለሁ።

መሃል መንገድ ላይ ሲበላሽ

እየሠራችሁበት ያለውን ሥራ በባዶው ከተናገራችሁ፦ ከሥር «ኤንድ አይ ስቲል ወርክ ዜር» ብላችሁ ጨምሩ። አሁንም እዚያው ነኝ ማለት ነው። እኔ ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ላብ በላብ አልሆንም ነበር።

«አይ ሃቭ» ብላችሁ ከጀመራችሁ በኋላ የስተርዴይ አፋችሁ ላይ ከመጣ፦ ቀጥሉ። ስህተት ነው፣ ግን ማንም በስህተት አይረዳችሁም። ቆማችሁ ይቅርታ መጠየቁ የባሰ ያደናቅፋችኋል።

ሦስተኛው ዓምድ ከጠፋባችሁ፦ ግሱን ለውጡ። «ሪትን» ካልመጣ «ፊኒሽድ» በሉ። በ«ኢድ» የሚያልቁት ግሶች ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምዳቸው አንድ ስለሆነ መደበቂያ ይሆናሉ።

ሰሚው ግራ የገባው ከመሰላችሁ፦ ጊዜውን ጥሩለት። «ኢን 2019»፣ «አንቲል ናው»። የጊዜ ቃል የግሱን ስህተት ያቃናል።

ራሳችሁን ፈትኑ

መልሱን ሳታዩ ወደ እንግሊዝኛ አምጧቸው።

1. ፓስፖርቴን አሳድሻለሁ።
2. ፓስፖርቴን ባለፈው ሳምንት አሳድሻለሁ።
3. ገና አልወሰንኩም።
4. እናቴ ተኝታለች።
5. በረዶ አይቼ አላውቅም።
6. እዚህ ሰፈር ስምንት ዓመቴ ነው።
7. አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ።

መልስ

1. «አይ ሃቭ ሪኒውድ ማይ ፓስፖርት»። ጊዜ የለም፤ የታደሰው ፓስፖርት እጃችሁ ላይ ነው።
2. «አይ ሪኒውድ ማይ ፓስፖርት ላስት ዊክ»። ጊዜው ተጠቀሰ፣ ሃቭ ወጣ።
3. «አይ ሃቭንት ዲሳይድድ ዬት»።
4. «ማይ ማዘር ኢዝ ስሊፒንግ»። ሃዝ ካላችሁ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።
5. «አይ ሃቭ ኔቨር ሲን ስኖው»።
6. «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ኤይት ይርስ»።
7. መጀመሪያ አሁን የት እንዳላችሁ ንገሩኝ። አዲስ አበባ ሆናችሁ ከሆነ «አይ ሃቭ ሊቭድ»። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዱባይ ከገባችሁ «አይ ሊቭድ»።